«የለም» ለማለት የሚጠይቀው ሥራ

ጄል ላይ ባንድ (በፒሲአር፣ ማለትም በቲዩብ ውስጥ ዲኤንኤን በሚያበዛው ዘዴ፣ የበዛው ዲኤንኤ የሚታይበት ጭረት) ሲወጣ ማንም ያነበዋል። የወባ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ተመራማሪ እንጀራውን የሚበላው ባንዱ ያልወጣበትን መስመር በማንበብ ነው። ያ ባዶ መስመር ቢያንስ ስድስት ነገር ሊል ይችላል፦ ሰውየው ወባ የለበትም፤ ወባ አለበት፣ ግን ተህዋሱ ከተወሰደችው ጠብታ ውስጥ አልገባም፤ ዲኤንኤው ደሙ በደረቀበት ወረቀት ላይ ሳለ ተበላሽቷል፤ የደም ርዝራዥ ኢንዛይሙን አላሠራ ብሎታል፤ ፕራይመሩ (ማብዛቱ የሚጀምርበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) የሚያርፍበት ቦታ ተለውጧል፤ ወይም ጂኑ ራሱ ከክሮሞሶሙ ላይ ጠፍቷል። ስድስቱም ፎቶው ላይ አንድ ዓይነት ጥቁር ናቸው።

ወደዚህ ሙያ መግባት የሚፈልጉ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ዲኤንኤ ስለሚያነበው የሲኩዌንሲንግ ማሽንና ጂን ስለሚቆርጠው ክሪስፐር ነው። ማሽኑን በሁለት ሳምንት መልመድ ይቻላል። ስድስቱን መለየት ግን ዓመታት ይፈጃል፣ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ እሱ ነው።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ቅንጦት እንዳይመስል ኤችአርፒ2 ከተባለው ጂን ልጀምር። በስፋት የምንጠቀምባቸው የወባ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚይዙት ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተህዋስ ወደ ደም የሚለቀውን የዚህን ጂን ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ የአማዞን አካባቢ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ጂኑ ጨርሶ የሌላቸው ተህዋሲያን መኖራቸው ታተመ። ኤርትራ በዚሁ ምክንያት በ2016 የምትጠቀምበትን መመርመሪያ ቀየረች፤ በ2021 ደግሞ እነዚህ ተህዋሲያን በኢትዮጵያ በተፈጥሮ ምርጫ እየተስፋፉ መሆናቸውን የሚያሳይ ጥናት ወጣ። ጂን የሌለው ተህዋስ ሰውን እንደ ሌላው ያሳምማል፣ መመርመሪያው ግን ነጻ ነህ ብሎ ይሸኘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ 5 በመቶ ነው፦ በጂኑ መጥፋት ምክንያት ምርመራው የሚስታቸው የፋልሲፓረም ታማሚዎች እዚያ ከደረሱ መመርመሪያው ይቀየራል። እንግዲህ 370 ታማሚ ባለበት ጥናት 5 በመቶ ማለት 18 ወይም 19 ሰው ነው። አሥር ባዶ መስመር በስህተት «ጂኑ የለም» ተብሎ ቢነበብ የአንድ አገር የመድኃኒትና የመመርመሪያ ግዢ ወዳልሆነ አቅጣጫ ይዞራል። በተቃራኒው አሥር እውነተኛ ባዶ መስመር «ፒሲአሩ ስላልሠራ ነው» ተብሎ ቢጣል የታመሙ ሰዎች ያለ መድኃኒት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ ከማንኛውም ኪት መመሪያ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል። ከደረቀ የደም ወረቀት ላይ 3 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ክብ ቆርጠን ብናወጣ በውስጧ የሚኖረው ደም 3 ማይክሮሊትር ገደማ ነው። ሰውየው በአንድ ማይክሮሊትር ደም 1 ተህዋስ ቢኖረው ክቧ በአማካይ 3 ተህዋስ ትይዛለች። ዲኤንኤውን በ150 ማይክሮሊትር ፈሳሽ አውጥተን 5 ማይክሮሊትሩን ወደ ፒሲአር ብንወስድ፣ የወሰድነው አንድ ሠላሳኛውን ነው፤ በሌላ አነጋገር 0.1 ጂኖም (የአንድ ተህዋስ ሙሉ ዲኤንኤ አንድ አሥረኛ)። ከአሥር ቲዩብ በዘጠኙ ውስጥ ምንም የለም ማለት ነው። ፒሲአሩ እንከን ባይኖረው፣ እጃችንም ባይንቀጠቀጥ።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እንዲህ ነው። ዝርያ የሚለየው የተለመደው ፒሲአር የሚያነጣጥረው 18ኤስ በተባለው የራይቦሶም ጂን ላይ ሲሆን፣ ይህ ጂን በአንድ ጂኖም ውስጥ ከአምስት የማያንሱ ቅጂዎች አሉት። ኤችአርፒ2 ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያው ደካማ ናሙና 18ኤስ ከአሥር አራት ጊዜ ያህል ሊወጣ ይችላል፣ ኤችአርፒ2 አንድ ጊዜ። አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲቀር «ፋልሲፓረም አለ፣ ኤችአርፒ2 የለም» ብሎ መጻፍ ያጓጓል። በእውነቱ የተለካው የቅጂ ብዛት ልዩነት ነው። ፍትሐዊው ንጽጽር አንድ ቅጂ ካለው ሌላ ጂን ጋር ነው፤ ኤምኤስፒ1 እና ኤምኤስፒ2 ለዚህ ይሠራሉ። ሁለቱ ወጥተው ኤችአርፒ2 ብቻ ከቀረ፣ ሙከራው ሲደገምም እንደዚያው ከሆነ፣ ያኔ መነጋገር ይቻላል። በቲዩብ ውስጥ በአማካይ 5 ጂኖም ሲገባ በአጋጣሚ ባዶ የመሆን ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል፤ ከላይ ባለው አሠራር ይህ በማይክሮሊትር 50 ተህዋስ ላይ ነው። ዲኤንኤ ሲወጣ የሚባክነውን ስናስብ ከ100 በታች ባለ ናሙና ላይ ስለ ጂን መጥፋት ፍርድ ባይሰጥ እመርጣለሁ። እንዲህ ያለውን ናሙና «ለመወሰን አልተቻለም» በሚል ዓምድ ማስፈር ነውር የለውም።

ወረቀቱ ራሱ ላይ ብዙ ነገር ይበላሻል። ጠብታዋ ወረቀቱን በራሷ ጊዜ መምጠጥ አለባት፤ እየደጋገሙ ጣት መጫን ድርብርብ ክብ ይፈጥርና ከየቦታው የሚቆረጠው ደም መጠኑ ይለያያል፣ ከላይ የሠራነውም ሒሳብ ይፈርሳል። አግድም ተዘርግቶ፣ ፀሐይ ሳይነካው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይደርቅ። ሳይደርቅ ከረጢት ውስጥ የገባ ወረቀት ይሻግታል፣ ዲኤንኤውም ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ወረቀት በየራሱ የፕላስቲክ ከረጢት ከእርጥበት መምጠጫ ሲሊካ ጋር ይቀመጥ፤ ሲሊካው ቀለሙን ሲቀይር ይተካ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ስለሆነ ማንም አይጽፈውም፣ በጥናቱ መጨረሻ ላይ ግን ከየትኛውም ኢንዛይም በላይ ውጤቱን የሚወስነው እሱ ነው። መቁረጫውም ከናሙና ናሙና ሲታለፍ ንጹሕ ወረቀት ላይ ደጋግሞ መምታት አለበት። ከእነዚያ ንጹሕ ቁራጮች አንዱን ጣል አድርጎ እንደ ናሙና እስከ መጨረሻው መሥራት ደግሞ ብክለትን ከሥሩ የሚያሳይ ርካሽ ዘዴ ነው።

ዲኤንኤ ለማውጣት ኬሌክስ የተባለው የሙጫ እንክብል ርካሽና ፈጣን ነው። ክቧ በ1 ሚሊሊትር 0.5 በመቶ ሳፖኒን ውስጥ በ4 ዲግሪ ታድራለች፤ ቀይ ሴሎቹ ይፈርሳሉ፣ ሄሞግሎቢኑ ወደ ፈሳሹ ይወጣል። ቡናማው ፈሳሽ ይደፋል፣ ፒቢኤስ በተባለ የጨው ውሃ ግማሽ ሰዓት ይታጠባል። ከዚያ 50 ማይክሮሊትር 20 በመቶ ኬሌክስና 100 ማይክሮሊትር ውሃ ተጨምሮ በ95 ዲግሪ 10 ደቂቃ ይሞቃል፣ መሀል መሀል ላይ ይናጣል፣ በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል፣ ከላይ ያለው ንጹሕ ፈሳሽ ይወሰዳል። ሁለት ወጥመድ አለው። የኬሌክስ እንክብሎች ቶሎ ስለሚዘቅጡ ሳያናጡ በፒፔት የወሰደ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ቲዩቦች ብዙ፣ ለመጨረሻዎቹ ውሃ ብቻ ያድላል፤ ጫፉ የተቆረጠ ቲፕ መጠቀምም ይረዳል። ሁለተኛው የከፋ ነው፦ ከፈሳሹ ጋር ጥቂት እንክብል ወደ ፒሲአር ከገባ ማግኒዚየሙን ለቅሞ ይይዘዋል፣ ያለ ማግኒዚየም ደግሞ ዲኤንኤ የሚያበዛው ኢንዛይም፣ ታክ ፖሊመሬዝ፣ አይሠራም። እነሆ ሌላ ባዶ መስመር። ዲኤንኤውን ለዓመታት ማስቀመጥ ለሚፈልግ በኮለም ማጣራት ይሻላል፣ ዋጋው ቢወደድም።

ደሙ በሥር ከተወሰደ ቲዩቡ ደም እንዳይረጋ የሚከለክለው ኢዲቲኤ ያለበት ይሁን። ለዚሁ የሚውለው ሄፓሪን ግን ከዲኤንኤው ጋር አብሮ ይወጣና ፒሲአሩን ያፍናል። መታፈን መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ሁለት ቀላል መንገድ አለ። አንደኛው የሰው ጂን በዚያው ናሙና ላይ ማብዛት ነው፤ የሰው ዲኤንኤ ካልወጣ ስለ ወባው መናገር አይቻልም። ሁለተኛው ዲኤንኤውን አንድ ለአሥር ማቅጠን ነው፤ ሲቀጥን ባንድ ከወጣ ችግሩ ከተህዋሱ ሳይሆን ከቆሻሻው ነበር።

የፋልሲፓረም ጂኖምም የራሱ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሙሉው ሲነበብ 23 ሚሊዮን ገደማ ቤዝ በ14 ክሮሞሶሞች ላይ፣ ወደ 5,300 ጂኖች፣ ከቤዞቹም ከ80 በመቶ በላይ ኤ እና ቲ ሆኖ ተገኘ። ኤ እና ቲ የሚያያዙት በሁለት የሃይድሮጅን ትስስር ስለሆነ ድርብ ገመዱ በትንሽ ሙቀት ይላቀቃል። ሁሉም መመሪያ የሚለው 72 ዲግሪ የማራዘሚያ ሙቀት እዚህ ብዙ ጊዜ አይሠራም፦ ገና ግማሽ የተገነባው ገመድ ከሻጋታው ይላቀቅና ሥራው ይቋረጣል። ወደ 60 ወይም 62 ዲግሪ ማውረድና ደቂቃ መጨመር ነው መድኃኒቱ። ፕራይመሮችም ረዘም ማለት አለባቸው። ኤችአርፒ2 በዚህ ላይ የራሱን ችግር ይጨምራል፤ የጂኑ ትልቁ ክፍል አንድ ዓይነት ቃል እየደጋገመ የሚሄድ ነው፣ በክሮሞሶም 13 ላይ ደግሞ ኤችአርፒ3 የሚባል መንታ የሚመስል ዘመድ አለው፣ ኤችአርፒ2 ራሱ በክሮሞሶም 8 ላይ ሆኖ። በድግግሞሹ ውስጥ የተቀመጠ ፕራይመር የዘመዱን ጂን አብዝቶ «አለ» ሊያሰኝ ይችላል።

ስለዚህ ከናሙናዎቹ ጎን የሚሮጡት መቆጣጠሪያዎች በዘፈቀደ አይመረጡም። 3ዲ7 የተባለው የላብራቶሪ ዘር ሁለቱም ጂኖች አሉት። ዲዲ2 ኤችአርፒ2 የለውም። ኤችቢ3 ኤችአርፒ3 የለውም። ሦስቱን በታወቀ መጠን፣ በተለይ በደካማው መጠን፣ አብሮ ማስኬድ ነው። በ10,000 ተህዋስ ላይ የሚያበራ መቆጣጠሪያ ስለ 50 ተህዋስ ምንም ምስክርነት የለውም፤ ብዙ ላብራቶሪ ግን ጠንካራውን ብቻ ያስኬዳል፣ ፎቶው ስለሚያምር።

በጂን መጥፋት ጥናት ላይ ሌላው መሰናክል ድብልቅ ኢንፌክሽን ነው። አንድ ሰው ውስጥ ጂኑ ያለውና የሌለው ተህዋስ አብረው ካሉ ፒሲአር የሚያየው ያለውን ነው። ስርጭቱ ከፍ ባለበት አካባቢ ስለዚህ የመጥፋቱ መጠን ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል። ርዝመቱ ከዘር ዘር በሚለያየው ኤምኤስፒ2 ላይ ሁለት ሦስት ባንድ ያሳየ ናሙና ሲገጥም ይህን ማስታወስ ነው።

«አለ» የሚለውም ይዋሻል፣ በተለይ በኔስትድ ፒሲአር (የመጀመሪያው ዙር ምርት በሁለተኛ ዙር እንደገና በሚበዛበት)። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ቲዩቡ ይከፈታል፤ ውስጡ ያለው የዲኤንኤ ቅጂ በቢሊዮን ስለሚቆጠር ክዳኑ ሲነሳ የምትረጭ ዓይን የማታያት ጠብታ ለሚቀጥለው ወር ሁሉ ትበቃለች። መፍትሔው ጥንቃቄ ሳይሆን ግድግዳ ነው፦ ድብልቁ የሚዘጋጅበት ክፍል፣ ዲኤንኤ የሚጨመርበት ክፍል፣ የበዛው የሚከፈትበት ክፍል። ለየክፍሉ የራሱ ፒፔት፣ የራሱ ካፖርት። ወደ ሦስተኛው የገባ ሰው በዚያ ቀን ወደ መጀመሪያው አይመለስም። ውሃ ብቻ ያለው ቲዩብ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እስከ ሁለተኛው መሄድ አለበት፤ በሁለተኛው ዙር ላይ ብቻ የሚጨመር ውሃ የመጀመሪያውን ብክለት አያይም። በዚህ ዘዴ ፋልሲፓረም በ205፣ ከሌሎቹ የወባ ዝርያዎች ቫይቫክስ በ120፣ ማላሪዬ በ144 ቤዝ ላይ ይወጣሉ። 120 እና 144ን ለመለየት 2 በመቶ አጋሮዝ በቂ ያልሆነበት ቀን ብዙ ስለሆነ ወፈር ያለ ጄል በዝግታ ማስሮጥ ያዋጣል።

ባንዱ እውነተኛ ሆኖም የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። መድኃኒት የወሰደ ሰው ደም ውስጥ የኤችአርፒ2 ፕሮቲን ለሳምንታት ይቆያል፤ የጋሜቶሳይት (ወደ ትንኝ የሚተላለፈው የተህዋሱ ዓይነት) ዲኤንኤም እንዲሁ በፒሲአር ይታያል። በመድኃኒት ክትትል ጥናት ላይ ጥያቄው ይህ ብቻም አይደለም፦ በ21ኛው ቀን የተመለሰው ተህዋስ የድሮው ነው ወይስ አዲስ ትንኝ ያመጣችው? ይህን ለመለየት የመጀመሪያው ቀንና የተመለሰበት ቀን ናሙናዎች በአንድ ጄል ላይ ጎን ለጎን ይነበባሉ እንጂ በሁለት ጄል አይነጻጸሩም።

ዋናውን የወባ መድኃኒት፣ አርቴሚሲኒንን፣ መቋቋም በኬልች13 ጂን ለውጥ ይታወቃል። ይህ ምልክት እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው አንድ የተህዋስ ዘር ለአምስት ዓመታት በአርቴሚሲኒን ጫና ሥር ተይዞ ጂኖሙ ከእናቱ ጋር ከተነጻጸረ በኋላ ነበር። አምስት ዓመት አንድ ፍላስክ መመገብ! በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሲ580ዋይ፣ በሩዋንዳ አር561ኤች፣ በአፍሪካ ቀንድ አር622አይ የሚባሉት ለውጦች ተመዝግበዋል። ለውጡን በሲኩዌንስ ማየት አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱን መቋቋሙን ማሳየት ሌላ። ለዚያ ከ0 እስከ 3 ሰዓት ዕድሜ ያላቸው ቀለበቶች (ወጣት ተህዋሲያን) 700 ናኖሞላር ዳይሃይድሮአርቴሚሲኒን ውስጥ 6 ሰዓት ይቆያሉ፣ ይታጠባሉ፣ ከ66 ሰዓት በኋላ በሕይወት ያሉት ይቆጠራሉ። ካልታከሙት አንጻር 1 በመቶና ከዚያ በላይ ከተረፉ ተቋቁመዋል ይባላል። 1 በመቶን ለመለየት በእያንዳንዱ ስላይድ 10,000 ቀይ ሴል ማየት ያስፈልጋል፤ የተኮማተረና የጠቆረ ሬሳ ተህዋስን ከሕያው መለየትም። ማይክሮስኮፕ ላይ በቂ ዓመት ያልተቀመጠ ሞለኪውላር ባዮሎጂስት እዚህ ይወድቃል።

ተህዋሱን በፍላስክ ማኖር የተቻለው በ1976 ነው፣ በኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ፣ በትሬገርና ጄንሰን፤ መጀመሪያ ላይ ኦክስጅኑን ዝቅ ያደረገችው ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ የምትነድ ሻማ ነበረች። ዛሬ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከ1 እስከ 5 በመቶ ኦክስጅን፣ የቀረው ናይትሮጅን የሆነ የጋዝ ድብልቅ ይነፋበታል። ምግቡ (ሜዲየሙ) አርፒኤምአይ 1640፣ 0.5 በመቶ አልቡማክስ፣ ሃይፖዛንቲን፣ ከ2 እስከ 4 በመቶ ቀይ ሴል፣ 37 ዲግሪ። ቫይቫክስ ገና ያልበሰሉ ቀይ ሴሎችን ብቻ ስለሚመርጥ እስከ ዛሬ በዚህ መልክ ያለማቋረጥ ማሳደግ አልተቻለም።

ሁሉንም በአንድ ዕድሜ ላይ ለማድረግ 5 በመቶ ሶርቢቶል ለ10 ደቂቃ ይበቃል፦ ያደጉት ተህዋሲያን የሴሉን ግድግዳ ለስኳሩ ክፍት አድርገውታልና ሶርቢቶሉ ይገባል፣ ውሃው ይከተላል፣ ሴሉ ይፈነዳል። ቀለበቶቹ ይተርፋሉ። በተህዋስ የተያዘው ቀይ ሴል ከ5 በመቶ በላይ ሲሆን ተህዋሱ የሚያመነጨው ላክቲክ አሲድ ራሱን ያሳምመዋል፤ የሜዲየሙ ቀለም ወደ ቢጫ ካዘነበለ አንድ ቀን ዘግይተናል። ደግሞ በፍላስክ ብዙ የቆየ ዘር ጂኖቹን እየጣለ ይሄዳል፣ በተለይ በክሮሞሶሞቹ ጫፍ አካባቢ ያሉትን፤ ጋሜቶሳይት መሥራት የሚያቆሙ አሉ። ስለዚህ ዘሩ እንደመጣ በርከት ያለ ቱቦ አቀዝቅዞ በየጥቂት ወሩ ከዚያ መጀመር ነው፣ ካልሆነ ሙከራችን ያሳጣውን ጂን ሜዲየማችን ካሳጣው መለየት አንችልም።

ጂን ሆን ብለን ስንቆርጥም ጥያቄው ያው ነው። ከ5 እስከ 10 በመቶ ቀለበት፣ ከ50 እስከ 100 ማይክሮግራም ፕላስሚድ (አዲሱን ጂን የሚሸከም ክብ ዲኤንኤ)፣ እሱን በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ሴሉ ለማስገባት 310 ቮልት፣ 950 ማይክሮፋራድ፤ ከዚያ መምረጫ መድኃኒቱ ይጨመራል፣ ስላይዱ ባዶ ይሆናል፣ ከ3 እስከ 6 ሳምንት መጠበቅ ነው። ፋልሲፓረም የተቆረጠን ዲኤንኤ ጫፍ ለጫፍ የሚሰፋበት የተለመደው መንገድ ስለሌለው በክሪስፐር ተቆርጦ የመጠገኛ ሻጋታ ያላገኘ ተህዋስ ይሞታል። በ60ኛው ቀን ምንም ካልተነሳ «ጂኑ ለሕይወት አስፈላጊ ነው» ተብሎ ይጻፍ ይሆን? ፕላስሚዱ ቆሽሾ፣ ክሪስፐርን ወደ ጂኑ የሚመራው አርኤንኤ ሰንፎ፣ ሴሎቹ ሲነዘሩ አልቀው ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ደም፣ መጥፋቱ እንደማይጎዳ የታወቀ ሌላ ጂን ተቆርጦ ካልተነሳ በስተቀር ባዶው ፍላስክ አይመሰክርም። ከዚያ በላይ የሚያስተማምነው ጂኑን እንዳለ ትቶ በራፓማይሲን ሲታዘዝ ብቻ እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ ያኔ ከመጥፋቱ በፊትና በኋላ ያለው በአንድ ፍላስክ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ትልቁ የፒጊባክ (ጂኖም ላይ እየዘለለ አርፎ ጂን የሚሰብር ዲኤንኤ) ጥናት ባዶነትን ራሱን ወደ መለኪያ ቀየረው። ዝላዩ ዲኤንኤ የሚያርፈው ቲቲኤኤ በሚል ፊደል ላይ ነው፣ ይህ ጂኖም ደግሞ በዚያ የተሞላ ነው፤ ከላይ ፒሲአሩን ያስቸገረን ነገር እዚህ ላይ በረከት ሆነ። ከ38,000 በላይ ተህዋሲያን ተሠርተው ምንም ያላረፈባቸው ወይም እጅግ ጥቂት ያረፈባቸው 2,680 ጂኖች ለመልካም እድገት አስፈላጊ ተባሉ። ሰንጠረዡን ለራሱ ጂን የሚያይ ሰው መጀመሪያ መቁጠር ያለበት በጂኑ ውስጥ ስንት ቲቲኤኤ እንዳለ ነው። 80 ማረፊያ ኖሮት ማንም ያላረፈበት ጂን አንድ ነገር እየተናገረ ነው፤ 3 ብቻ ያለው አጭር ጂን ግን ባዶ የሆነው ያቺ 5 ማይክሮሊትር ባዶ በሆነችበት ምክንያት ሊሆን ይችላል።